በተሰረዘ ዋጋ ተታልዬ የእህቴን ልጅ ለብርድ ዳረግሁት

(በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ተራራ ለሚወጡ ኢትዮጵያውያን፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የተደረገ ንግግር። ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)



ስለ ገበያ ተናገር ስባል መጀመሪያ የመጣው ሳቄ ነው። ነጋዴ አይደለሁ፣ የኢኮኖሚ ምሁር አይደለሁ። ሌሊት ሌሊት ታክሲ እየነዳሁ ልጆች የማሳድግ ሰው ነኝ። ታዲያ ሰብሳቢያችን ምን አሉኝ መሰላችሁ? ‹‹ከመካከላችን አንተን ያህል የተበላ የለም። ባለጉዳዩ እያለ ሌላ ተናጋሪ ለምን እንጠራለን?›› አሉኝ። ሐቅ ነው፤ ተበልቻለሁ። እነሆ የተበላው ሰው ቆሟል፤ ስሙት።

ጉዳዩ በኢንተርኔት የሚካሄደው ‹‹ፍላሽ ሴል›› የሚሉት የጥድፊያ ሽያጭ ነው። እሱም በተለይ እኛን የነካን በተራራ ዕቃ በኩል ነው፤ በድንኳኑ፣ በጃኬቱ፣ በጫማው፣ በስሊፒንግ ባጉ።

እንዴት እንደምንገባበት ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ኦልድ ራግን በስኒከርና በጂንስ ሱሪ እንወጣለን። ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ ነው፤ የደብረ ብርሃን ሰው ቢሰማ ይስቅብናል። ሆኖም መንገዱ ድንጋይ ለድንጋይ ነውና አንዱ ይንሸራተታል፣ ሌላው በዝናብ ይበሰብሳል። ‹‹ዕቃ ያስፈልግሃል›› ይባላል። ሱቅ ሲኬድ ዝናብ የማያስገባው ጃኬት 400 ዶላር! ለአንድ ጃኬት! እናቴ በዚህ ዋጋ በሬ ትገዛ ነበር እያልን ወጥተን መኪናችን ውስጥ እንቀመጥና ስልካችንን እንከፍታለን። እዚያ ያው ጃኬት፣ 400ው ላይ ቀይ ጭረት ተሰምሮበት፣ ከሥሩ 139 ዶላር ተጽፏል። ከጎኑ ሰዓት ይቆጥራል፤ 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ09 ሰከንድ … 08 … 07። ‹‹3 ፍሬ ብቻ ቀርቷል›› ይላል። ይሄኔ የሰው ልብ ምን ይሆናል? ይመታል! የእኔ ልብ ፖሊስ መብራት አብርቶ ሲያስቆመኝ እንኳ እንደዚያ አይመታም።

የነገሩ አመጣጥ ብዙ አያቆየንም። ፈረንሳዮች በ2001 ‹‹ቫንት ፕሪቬ›› የሚባል አቋቋሙ፤ የተረፈ ባለ ስም ልብስ ለአባላት ብቻ፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚሸጥበት ነው። በ2004 ቴክሳስ ላይ ‹‹ዉት›› ተከፈተ፤ ያኔ በቀን አንድ ዕቃ ያወጣ ነበር፣ ካለቀ አለቀ። በ2010 አማዞን ገዛው። በ2007 ኒውዮርክ ላይ ‹‹ጊልት›› መጣ። የተራራውን ወገን ደግሞ በ1996 ዩታ ላይ የተመሠረተው ‹‹ባክካንትሪ›› ‹‹ስቲፕ ኤንድ ቺፕ›› በሚል ስም ያዘው። እዚያም መጀመሪያ አንድ ዕቃ ብቻ ይወጣል፣ ያ ተሸጦ ሲያልቅ ሌላ ይተካል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ስለማታውቀው ሥራህን ትተህ ታፈጣለህ። እንደ ሎተሪ ማለት ነው። ዛሬ ደግሞ ባለ ፍላሽ ሴሉና ሌላው ሱቅ ተቀላቅሏል፤ ሰዓቱን የማይቆጥርብህ ድረ ገጽ ፈልገህ አታገኝም።

አሁን አንድ ነገር ልናገር፤ ‹‹ሁሉም ሌባ ነው›› ልል አልመጣሁም። እንዲህ የሚል ሰው ራሱ አይገዛም፣ ወይም ይዋሻል። እውነተኛ ቅናሽ አለ። ለምን እንዳለ ካላወቅን ግን ሐሰተኛውን አንለየውም።

ጃኬቱ ዘንድሮ ቢጫ ነበር እንበል። አምራቹ ለመጪው ዓመት ቀለሙን ሰማያዊ ያደርገዋል። ቢጫው ምን ሆነ? ምንም! ዝናብ አያስገባም፣ ዚፑ ይሠራል። ‹‹የአምና›› መባሉ ብቻ ነው ጥፋቱ። መጋዘን ደግሞ ኪራይ ይበላል፤ ስለዚህ ነጋዴው በግማሽ ዋጋ ይጥለዋል። የበረዶ ሸርተቴ ዕቃ በመጋቢትና በሚያዝያ የሚረክሰው፣ ድንኳን በመስከረም የሚረክሰው በዚሁ ምክንያት ነው። በ2020 እና በ2021 በኮሮና ጊዜ ደግሞ አሜሪካዊው ሁሉ ቤት መቀመጥ ሰለቸውና ጫካ ገባ። ድንኳን ከገበያ ጠፋ። ሱቆቹ ይሄ ነገር ለዘለዓለም የሚቀጥል መስሏቸው አለቅጥ አዘዙ። ዕቃው በመርከብ ተጭኖ ሲደርስ ገዢው ወደ ቢሮው ተመልሷል! በ2022 እና በ2023 መጋዘኑ ሞልቶ ቅናሹ እንደ ሐምሌ ጎርፍ ወረደ። ያኔ የገዛ ሰው በእውነትም አተረፈ።

ሌላም ምሳሌ አለ። ውሃ እንዳያስገቡ ተብሎ ልብስ ላይ የሚቀቡ ‹‹ፒፋስ›› የሚባሉ ኬሚካሎች አሉ፤ መሬትም ውስጥ ሰውነትም ውስጥ ቶሎ አይበሰብሱም። ካሊፎርኒያ በ2022 ሕግ አወጣችና ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ እነዚህ የተጨመሩበትን አዲስ ልብስ መሸጥ ከለከለች። ለከባድ ዝናብ የሚሠሩት ልብሶች እስከ 2028 ጊዜ ተሰጥቷቸዋል፤ እነሱም ኬሚካሉ እንዳለባቸው ተጽፎባቸው ነው የሚሸጡት። እንግዲህ የማለቂያ ቀን የተቆረጠለት ዕቃ በእጁ ያለ ነጋዴ ምን ያደርጋል? ያራግፋል። ስለዚህ ‹‹ለምን ረከሰ?›› ብለን ስንጠይቅ ‹‹ቀለሙ አለፈበት›› የሚልም መልስ አለ፤ ‹‹ሕግ መጣበት›› የሚልም መልስ አለ። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ሦስተኛም አለ፤ እሱ ነው መጥፎው። ከመጀመሪያው ለቅናሽ ተብሎ የተሰፋ ልብስ አለ። ስሙ የታወቀው ስም ነው፤ ጨርቁ ሳሳ ያለ፣ ስፌቱ ቸኮል ያለ ነው። በትክክለኛው ሱቅ በሙሉ ዋጋ አንድ ቀን እንኳ ተሰቅሎ አያውቅም። ታዲያ የተሰረዘው ዋጋ የማን ዋጋ ነው? የማንም! በ2014 አራት የኮንግረስ አባላት ስለዚሁ የ‹‹አውትሌት›› ዕቃ ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደብዳቤ ጽፈው ነበር፤ እኛ ብቻ አይደለንም የተበሳጨነው።

አገር ቤት እያለን ሰልባጅ እንገዛ ነበር። የሰልባጅ ነጋዴው ሐቀኛ ሰው ነበር ልበል? አልልም። ግን ኮቱን ትዳስሰዋለህ፣ ወደ ፀሐይ ታነሳዋለህ፣ ብብቱን ታሸታለህ። ‹‹መጨረሻው ስንት ነው?›› ትላለህ። እሱ 80 ይላል፣ አንተ 25 ትላለህ፣ ትሄዳለህ፣ ይጠራሃል። ሁለታችሁም 80ው ውሸት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ውሸት አይደለም፤ ጨዋታ ነው። እዚህ ግን 80ውን የሰረዘልህ ራሱ ነጋዴው ነው። ስለ አንተ ተከራክሮ፣ ስለ አንተ አሸንፎ፣ ‹‹እንኳን ደስ አለህ!›› ይልሃል። ክርክሩን እኮ ከእጃችን ወሰዱት!

ወደ ራሴ ልመለስ። በ2015 እና በ2016 ክፉኛ ተይዤ ነበር። ሌሊት አውሮፕላን ጣቢያ ተራ ስጠብቅ ሁለት ሦስት ሰዓት መኪና ውስጥ እቀመጣለሁ። ስልኬ በእጄ ነው። ሌላው ኳስ ያያል፣ እኔ ጃኬት አያለሁ። ስድስት ጃኬት ገዛሁ። በሕይወቴ ወጥቼ የማላውቀውን በረዶ የሚረግጥ የብረት ጥርስ ያለው የጫማ ማሰሪያ ገዛሁ! 45 ቁጥር ጫማ 44 ለሚያደርግ እግሬ ገዛሁ፤ ‹‹ካልሲ ይሞላዋል›› ብዬ። ሁሉም ‹‹ፋይናል ሴል›› ነው፤ አይመለስም። አንድ ቀን ባለቤቴ ቁም ሣጥኑን ከፍታ ቆመች። አልጮኸችም። ‹‹በየቀኑ ይህን ያህል አተረፍኩ፣ ያን ያህል አተረፍኩ ትለኛለህ። ያተረፍከውን ገንዘብ የት ነው ያስቀመጥከው? እስቲ አሳየኝ›› አለችኝ። መልስ አጣሁ። ዛሬም የለኝም።

ይሄ ሁሉ ግን ገንዘብ ነው። ገንዘብ ይሄዳል፣ ይመጣል። አሁን የምነግራችሁ ገንዘብ አይደለም።

የእህቴ ልጅ ደባርቅ ነው ያደገው። ያኔ ገና ጀማሪ ሆኖ ከአስጎብኚዎች ጋር ሰሜን ተራሮች ይወጣ ነበር። ፓርኩ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ ቦታውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሳንቃበር 3,250 ሜትር ነው። ጭንቅ፣ ቱሪስቱ ድንኳን የሚተክልበት፣ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል። ማታ ግን፣ በተለይ በታኅሣሥና በጥር፣ ውሃ በላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይረጋል። ልጁ በጋቢና በብርድ ልብስ ነበር የሚያድረው። ‹‹ጋሼ፣ ከተመቸዎት አንድ ስሊፒንግ ባግ ቢልኩልኝ›› ብሎ ጻፈልኝ። በሕይወቱ የለመነኝ እሷን ብቻ ነው።

በ2016 ኅዳር ላይ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ተራ እየጠበቅሁ አንዱ ድረ ገጽ ላይ አየሁት። 300 ዶላር ተሰርዞ 89 ዶላር። ‹‹0 ዲግሪ›› ይላል በትልቁ። 0 ፋራናይት ማለት በእኛ ከዜሮ በታች 18 ሴንቲግሬድ ነው። ሰዓቱ 11 ደቂቃ ቀርቶታል። 11 ደቂቃ! ሥር ያለውን ጽሑፍ ላንብብ ወይስ ልግዛ? ገዛሁ። ለገና አገር ቤት በሚሄድ ዘመድ ሻንጣ አስይዤ ላክሁት። ስልክ ደውዬም ጉራዬን ነዛሁ። ‹‹አንተ ልጅ፣ የ300 ዶላር ዕቃ ነው! ከዜሮ በታች 18 ይችላል፤ ራስ ደጀን ጫፍ ላይ ራቁትህን ብትተኛ አይበርድህም!›› አልኩት።

አመነኝ። ለምን አያምነኝ? አጎቱ ነኝ፤ ያውም አሜሪካ ያለሁ።

በዚያው በ2017 የጥምቀት ሰሞን ጭንቅ ላይ አደሩ። አንድ የበቅሎ ነጂ ሽማግሌ ልብስ አልነበራቸውም። የእህቴ ልጅ ‹‹ለእኔ አጎቴ የላከልኝ አለ›› ብሎ ጋቢውንም ብርድ ልብሱንም ለሽማግሌው ሰጠ። እሱ የእኔን ስሊፒንግ ባግ ለብሶ ድንኳን ውስጥ ተኛ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ እግሩን ማዘዝ አቃተው። መንቀጥቀጡ አልቆም አለ፤ ምላሱ ተሳሰረ። ደግነቱ የምግብ አብሳዩ ለሽንት ወጥቶ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ሰማው። አንስተው እሳት ወዳለበት የስካውቶቹ ጎጆ ወሰዱት፤ ሙቅ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው ብብቱ ሥር ከተቱለት፤ እስኪነጋ አሹት። ዳነ፤ ተመስገን።

እኔ ይህን የሰማሁት መቼ ነው? በ2019 ደባርቅ ስሄድ! ሁለት ዓመት ሙሉ ‹‹ስሊፒንግ ባጉ እንዴት ነው?›› ስለው ‹‹በጣም ጥሩ ነው ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ›› ነበር መልሱ። ስጦታ አይነቀፍም ብሎ። የነገረችኝ እህቴ ናት፤ ቡና እያፈላች፣ አንገቷን ደፍታ። ልጁም ወጥቶ ሄደ፤ እኔ እንዳላፍር ነው የወጣው።

ስሊፒንግ ባጉን አምጣ አልኩት። ከውስጥ በኩል፣ እግር ጋ፣ ስፌቱ ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ ጨርቅ ተሰፍታለች። ሦስት ቁጥር ተጽፎባታል። ይህ አይኤስኦ 23537 የሚባል ዓለም አቀፍ መመዘኛ አሠራር ነው፤ ቀድሞ የአውሮፓ መመዘኛ ነበር። አንደኛው ቁጥር ‹‹ኮምፈርት›› ይባላል፤ አንድ መካከለኛ ሴት ሳይበርዳት ዘና ብላ የምታድርበት ነው። ሁለተኛው ‹‹ሊሚት››፤ አንድ መካከለኛ ወንድ ተኮራምቶ እንደ ምንም የሚያድርበት። ሦስተኛው ‹‹ኤክስትሪም›› ይባላል፤ አንዲት ሴት ስድስት ሰዓት ያህል በብርድ ሳትሞት ልትቆይ የምትችልበት። ሳትሞት! ተኝታ አይደለም፤ ሳትሞት ብቻ። ቅዝቃዜ ቆዳ ሊያበላሽ ይችላል፣ ሰውነት ሙቀቱን ሊያጣ ይችላል፤ መመዘኛው ራሱ ማስጠንቀቂያ አለበት።

የእኔ ስጦታ ቁጥሮች ምን ነበሩ? ኮምፈርት፣ ከዜሮ በላይ 3። ሊሚት፣ ከዜሮ በታች 2። ኤክስትሪም፣ ከዜሮ በታች 18። ድረ ገጹ በትልቁ የጻፈው ሦስተኛውን ነው። የሞት ድንበሩን እንደ ምቾት ሸጠልኝ! ሁለቱ ቁጥሮች ደግሞ ገጹ ላይ አልነበሩም እንዳልል ነበሩ። ከታች፣ በደቃቁ ተጽፈው። ቆይቼ በኢሜይሌ የመጣውን ደረሰኝ ፈልጌ አረጋገጥሁ። አንድ ደቂቃ ቢሰጠኝ አነበው ነበር። 11 ደቂቃ ነበረኝ እኮ! ሰዓቱ ግን ጊዜ እንዳለኝ ሳይሆን ጊዜ እንደሌለኝ ነበር የሚነግረኝ። የሰዓቱ ሥራም ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩን መከታተል የጀመርኩት። አንዳንዱን ልንገራችሁ።

የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን መመሪያ አለው፤ ‹‹የቀድሞ ዋጋ›› ብለህ የምትሰርዘው ዕቃውን በእውነት ለሕዝብ፣ በቂ ለሆነ ጊዜ፣ በዚያ ዋጋ አቅርበህበት ከነበረ ነው ይላል። የካሊፎርኒያ ሕግ ደግሞ ባለፉት ሦስት ወራት የገበያው ዋጋ ካልነበረ፣ ወይም መቼ እንደነበረ ቀኑን ካልጻፍክ፣ አትሰርዝ ይላል። ይከበራል ወይ? ‹‹ኦቨርስቶክ›› የሚባለውን ትልቅ ድረ ገጽ የካሊፎርኒያ ዓቃቤ ሕጎች ከስሰውት በ2014 ፍርድ ቤት 6.8 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። በክሱ ውስጥ ያለውን አንዱን ስሙማ። ለበረንዳ የሚሆን ወንበርና ጠረጴዛ ነው። 999 ዶላር ተሰርዞ 449 ይላል። ገዢው ገዛ። ዕቃው ቤቱ ደርሶ ሲፈታ ምን ተለጥፎበት አገኘ? የዋልማርት ዋጋ፤ 247 ዶላር! እኔ ይህን ሳነብ ሌሊት ብቻዬን መኪና ውስጥ ሳቅሁ፤ ተሳፋሪ ቢኖር ይወርድ ነበር።

በ2019 የፕሪንስተንና የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 11,000 ገደማ የመሸጫ ድረ ገጾችን በኮምፒውተር ፈትሸው ገዢን የሚያጣድፉና የሚያደናግሩ ዘዴዎችን 1,818 ጊዜ አግኝተዋል። ዜሮ ደርሶ እንደገና ከመጀመሪያው የሚቆጥር ሰዓት አንዱ ነው። እናንተም ሞክሩት፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ገጹን ዘግታችሁ ክፈቱት። አንዳንዱ እንደ ጠዋት ፀሐይ እንደገና ይወጣል!

አውሮፓውያኑ ትንሽ ጠንከር ብለዋል። ከሜይ 2022 ጀምሮ ነጋዴው ቅናሽ ነው ካለ፣ ባለፉት 30 ቀናት ከጠየቀው ዋጋ ዝቅተኛውን ማሳየት አለበት። ጀርመንና ስዊድን ዘመድ ያላችሁ፣ ዋጋው በዚያ ስንት እንደሆነ ብትጠይቋቸው ነውር የለውም።

ታዲያ ጥፋቱ የነጋዴው ብቻ ነው? አይደለም። ‹‹ጄሲ ፔኒ›› የሚባለው የቆየ ትልቅ ሱቅ አዲስ አለቃ መጣለትና በ2012 የውሸት ቅናሹን አስቀርቶ ሁልጊዜ አንድ ትክክለኛ ዋጋ ለጠፈ። ሕዝቡ ደስ አለው? ሸሸ! የዓመቱ ሽያጭ በሩብ ወደቀ፤ አለቃውም በ2013 ኤፕሪል ላይ ተሰናበተ። ካልተሰረዘ አንገዛም ብለን ሐቀኛውን ያባረርን እኛው ነን። ይሄ ለምን እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። ዕቃውን አይደለም የምንፈልገው፤ ሌላውን መቅደሙን ነው።

በቅንፍ አንድ ነገር ልበል፤ ለዚህም ነው ይህ ንግግር ጋዜጣ ላይ ቢወጣ ቅር የማይለኝ። በ2015 ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ የፓርላማውን ወንበር 100 በመቶ ወሰድን ብለው ካወጁልን ወዲህ፣ ወደ መቶ የሚጠጋ ፐርሰንት ባየሁ ቁጥር ኪሴን እዳስሳለሁ። ትልቁንስ ፍላሽ ሴል አየን አይደል? በኦክቶበር 1992 አንድ ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሄደ። በጁላይ 29 ቀን 2024 ደግሞ ጠዋት 57 ብር ገደማ የነበረው በዚያው ዕለት 74 ብር ገደማ ገባ፤ ከዚያም መቶውን አለፈ። እህቴ ዕድሜዋን ሙሉ ያጠራቀመችው ብር በአንድ ሌሊት ዋጋው ተሰረዘ። ያን ጊዜ ግን ሰዓት የሚቆጥርላት አልነበረም። ቅንፉን ዘጋሁ።

አሁን እንዴት ነው የምገዛው? መግዛት አልተውኩም፤ ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ! ባለፈው ክረምት እንኳ 60 ዶላር ያህል የቀነሰ የጀርባ ቦርሳ ገዝቻለሁ፤ ዛሬም ይዤው መጥቻለሁ።

መጀመሪያ የዕቃውን ሙሉ ስምና የወጣበትን ዓመት ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ወረቀት ያልኩት በምክንያት ነው፤ እጅህ ሲጽፍ ልብህ ይረጋል። ከዚያ ያንኑ ስም በሌሎች ሦስት ሱቆች እፈልጋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ‹‹300 የነበረው 89›› የተባለው ሁሉም ዘንድ 95 ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ 300ውም ቅናሹም የሉም፤ የ95 ዶላር ዕቃ ነው ያለው። የትም ካላገኘሁትስ? ያኔ ለዚያው ድረ ገጽ ተብሎ የተሰፋ ሊሆን ይችላልና ጨርቁን በእጄ ሳልዳስስ አልገዛም።

ጫማ ካልለካሁ አልገዛም፤ ቢያቃጥሉኝም። እግር በዚያው ቀን ማታ ከጠዋቱ ይሰፋል፤ ወደ ማታ፣ በምወጣበት ካልሲ ነው የምለካው። ገመድ፣ መታጠቂያ፣ የራስ ቁር፣ ማለትም ሰው ሕይወቱን የሚያንጠለጥልበትን ሁሉ፣ መቼ እንደተሠራ ካልተጻፈልኝ በነፃም ቢሰጡኝ አልቀበልም። የጨርቅና የላስቲክ ነገር መጋዘን ውስጥ ቢቀመጥም ያረጃል፤ ለዚህ ነው አምራቾቹ የአገልግሎት ዘመን የሚጽፉለት። ወጣቶች ድንጋይ መውጣት ጀምራችኋል አሉ፤ ይህን ለእናንተ ነው የምለው።

የምከፍለው በክሬዲት ካርድ ነው፤ በባንክ ካርዴ አይደለም። በ1974 የወጣ ሕግ አለ፤ ዕቃው ካልመጣ ወይም የተባለው ካልሆነ ሒሳቡ በመግለጫህ ላይ ከወጣ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቃወም ትችላለህ። የታወቁ ሱቆችን ስምና መልክ ገልብጠው የ400 ዶላር ድንኳን በ39 ዶላር የሚያወጡ ሐሰተኛ ገጾች ፌስቡክ ላይ ሞልተዋልና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከመካከላችን ሁለት ሰዎች ተበልተዋል፤ ስማቸውን አልጠራም፤ እዚሁ ተቀምጠው እየሳቁ ነው።

ያገለገለ ዕቃም አትናቁ። ‹‹አርኢአይ›› በ1938 ሲያትል ላይ በአባላት የተመሠረተ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው፤ አባላቱ የመለሱትን ያገለገለ ዕቃ በርካሽ ይሸጣል። ሰልባጅ እኮ ነው! ያውም ዚፑን ከፍታችሁ፣ ስፌቱን አይታችሁ የምትገዙት። ሰልባጅ ለብሰን ያደግን ሰዎች አሜሪካ መጥተን ምን አኮራን?

ስሊፒንግ ባግን በተመለከተ ግን የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። በትልቁ የተጻፈውን አትመኑ፤ ኮምፈርቱን ፈልጉ። ሴቶች እህቶቼ በተለይ፤ በአሜሪካ ለወንድ ተብሎ የሚሸጠው ስሊፒንግ ባግ ላይ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ ‹‹20 ዲግሪ›› የሚለው ለእናንተ ‹‹30›› ነው ብላችሁ አስቡት። አገር ቤት ለምትልኩም እንዲሁ ነው። የሚቀበላችሁ ሰው ቢበርደውም አይነግራችሁም።

የእህቴን ልጅ በ2019 ከመመለሴ በፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። ‹‹ኧረ ጋሼ፣ ይተዉት፣ ለብርድ ነው እንጂ ለሌላው ጥሩ ነው›› አለኝ! እዚህ ተመልሼ ሱቅ ሄጄ፣ በእጄ ዳስሼ፣ ኮምፈርቱ ከዜሮ በታች 9 የሆነ በሙሉ ዋጋ ገዛሁለት። ሰዓት አልቆጠረብኝም፤ ሻጯም ጠጥቼ የምሄድ ይመስል ‹‹ጊዜህን ውሰድ›› እያለች አንድ ሰዓት አቆመችኝ። ስንት እንደገዛሁት ለልጁ አልነገርኩትም።

አሮጌውን ይዤው መጥቻለሁ። ያ ሰማያዊው ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው። እስቲ ከቀኝ በኩል ጀምራችሁ ከእጅ ወደ እጅ አሳልፉት። ዚፑን እስከ ታች ክፈቱና እግር ጋ እጃችሁን አስገቡ፤ ጨርቋ ከስፌቱ ሥር ናት፣ በጣም ትንሽ ናት፣ መነጽር ያላችሁ አድርጉ። ያገኘ ሰው ሦስቱን ቁጥሮች ጮክ ብሎ ያንብብልን።